ከሮማኒና ወዲያ የነበረን ወይን

ቤቱን ያገኘነው በአንድ ካህን በኩል ነው። ከአገር ቤት ለትምህርት መጥተው ሮም የሚኖሩ የካቶሊክ ካህን ነበሩ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔንና ባለቤቴን ጠርተው፣ «ከከተማው ዳር፣ ከሮማኒና ሰፈር አለፍ ብሎ አንዲት ባልቴት አሉ። ልጅ አልወለዱም፤ ባላቸውም ሞተዋል። ግቢያቸውን የሚይዝላቸው፣ እሳቸውንም የሚያይላቸው ባልና ሚስት ይፈልጋሉ» አሉን። ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም ነበር። ቶር ፒኛታራ በሚባለው የሮም ሰፈር ከሌሎች ጋር በተጋራነው ቤት፣ በመጋረጃ በተከፈለ ክፍል ነበር የምናድረው። የምናወራው በሹክሹክታ ነው፤ ሳቅ ሲመጣብን ትራስ እንነክሳለን።

«ግቢው ውስጥ ምን አለ፣ አባ?» አላቸው ባለቤቴ።

«ወይን።»

«ስለ ወይን ምንም አላውቅም እኮ።»

«እኔም አላውቅም። ሄዳችሁ እዩት።»

ሄደን አየነው። የክረምቱ ብርድ ገና አልለቀቀም። ከመንገዱ ገባ ብሎ አንድ አሮጌ ቤት፣ ከኋላው ለእኛ የሚሆን ሁለት ክፍል፣ ከዚያ በታች ተዳፋቱ ላይ ጥቂት ረድፍ ወይን። ከአጥሩ ጥግ አንድ ትልቅ በለስ፣ ፕሪሞች፣ አንድ ሮማንም ነበሩ። ባልየው ከሞቱ ወዲህ ወይኑን ማንም አልነካውም። ሐረጉ ሽቦውን ጥሎ መሬት ለመሬት ተንፏቋል፣ እርስ በርሱም ተጠላልፏል። እኔ የደረቀ እሾህ መሰለኝ። ባለቤቴ ግን ጎንበስ ብሎ አንዱን ቅርንጫፍ በጥፍሩ ፋቅ አደረገና፣ «ነይ እይ፣ ውስጡ አረንጓዴ ነው» አለኝ። ቤቱን እንደምንይዘው ያወቅኩት ያኔ ነው።

ሴትዮዋን ሲኞራ እንላቸው ነበር። ጉልበታቸው ታሟል፤ ስለዚህ ወንበር አውጥቼ ረድፉ ራስ ላይ አስቀምጣቸውና ብርድ ልብስ አለብሳቸዋለሁ። እሳቸው በከዘራቸው እየጠቆሙ ባለቤቴን ያስተምሩታል። ቡቃያ የሚወጣበትን ጉብ ያለ ነገር «ዓይን» ይሉታል። «ሁለት ዓይን ብቻ ተውላት! ሁለት ነው ያልኩት!» ብለው ሲጮኹበት፣ እሱ መቀሱን እንደያዘ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ «እኚህ ሴትዮ የኔን ዓይን ነው የሚያጠፉት» ይለኛል። ሲኞራ ምን እንዳለ ሳይገባቸው አብረውን ይስቃሉ።

ባለቤቴ የኤርትራውያን ልጅ ነው። የተወለደውም ያደገውም ግን አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ ነበር። ትግርኛው የተሰባበረ ስለሆነ ሮም ያሉ ዘመዶቹ ይስቁበታል። አማርኛው ግን እንዴት ያለ ነበር! ጠዋት ካንቲዬሬ፣ ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ፣ ሲሚንቶ ተሸክሞ ይውልና፣ ከሰዓት መጥቶ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ወይኑ ውስጥ ይገባል። ሲሠራ ከወይኑ ጋር ያወራል። «አንቺ ደግሞ ብቻሽን የት ልትደርሺ ነው?» ይላታል፤ ከሽቦው ያፈነገጠችውን መልሶ እያሰረ። እኔ የሲኞራን ልብስ እያሰጣሁ እሰማዋለሁ። በጸደይ ቅጠሉ ሲከፈት ድኝ እንነሰንስለታለን። ሰማያዊውን መድኃኒት እሱ በጀርባው ተሸክሞ ሲረጭ ፂሙ ሳይቀር ሰማያዊ ይሆናል፤ እንደዚያው ሆኖ ሊስመኝ ያባርረኛል። በመስከረም ለቅመን፣ ጨምቀን፣ በዳሚጃን እናስቀምጠዋለን። የመጀመሪያው ዓመት ወይን ኮምጣጤ ነበር። ሲኞራ ቀምሰው ፊታቸውን አኮማተሩና «ቫ ቤኔ፣ ለሰላጣ ይሆናል» አሉ።

ባለቤቴ የኮክ ዛፍ የተከለው ለእናቱ ነው። አማቴ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ካዛንቺስ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ ወደ ሮም ልናመጣቸው አስበን ነበር። እሑድ እሑድ ስንደውልላቸው ከልጃቸው ይልቅ ከእኔ ጋር ነው ብዙ የሚያወሩት።

«እንዲያው ልጄ፣ ሮም ውስጥ ሮማን አለ ወይ?»

«አለ እማማ፣ ግቢያችን ውስጥ አለ።»

«ኮክስ?»

«ኮክ የለም።»

«ታዲያ እኔ ምን ልበላ ነው የምመጣው?»

ባለቤቴ ይህን እንደሰማ በሳምንቱ አንዲት ቀጭን የኮክ ችግኝ በከረጢት ይዞ መጣ። ከመስኮታችን ፊት ለፊት ተከላት፤ እናቱ ከአልጋቸው ሆነው እንዲያዩዋት ነው። በሦስተኛው ዓመት አበበች፤ ያፈራችው ግን ጥቂት ነው። ፍሬው ትንሽና ጠጣር፣ የአገር ቤቱን ዓይነት ነበር። አማቴ በስልክ «አይርገፍ፣ መጣሁ» አሉን። ፓስፖርታቸውን አውጥተው፣ ወረቀታቸውን አስገብተው ይጠባበቁ ነበር።

በዚያው ዓመት የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተጀመረ።

መጀመሪያ ሮም ላይ የለወጠው ነገር ያለ አይመስልም ነበር። ቀስ በቀስ ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ እዚህና እዚያ ተከፍሎ መቆም ጀመረ። እኔና ባለቤቴ የትኛው ጋ እንደምንቆም ግራ ሲገባን፣ ሰላምታ ሰጥተን ቶሎ ወደ አውቶቡስ እንሄዳለን። «ወይኑ ይጠብቀናል» እንላለን።

አንድ እሑድ ካዛንቺስ ስንደውል ስልኩን ያነሱት ጎረቤታቸው ነበሩ። ያለቅሱ ነበር። «ወሰዷቸው» አሉን። ያለ ምንም ነገር፣ በነጠላና በቤት ጫማ። ሊመሽ ሲል ፖሊሶች መጥተው፣ ነገ ተመልሰው የሚመጡ አስመስለው ወስደዋቸው፣ ከሌሎች ኤርትራውያን ጋር በአውቶቡስ ጭነው ወደ ድንበር አባረሯቸው። አርባ ዓመት ከኖሩበት ሰፈር! ባለቤቴ ስልኩን እንደያዘ ቆመ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም። ስልኩን በቦታው መለሰና ወደ ግቢ ወጣ። በመስኮት ሳየው ከኮኳ አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

አማቴ ብዙ ሳምንት ቆይተው ከአስመራ ደወሉ። አንድ የእህት ልጅ ዘንድ አርፈዋል። በሕይወት ነበሩ። እኛ ግን ከዚያ ወዲህ እንደ በፊቱ አልሆንንም።

ባለቤቴ ቤት ውስጥ በጣሊያንኛ ያናግረኝ ጀመር። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም፤ ሲኞራ ስላሉ ይሆናል ብዬ ነበር። «አሎራ፣ እንሂድ»፣ «ጨው አቀብይኝ»፣ «ነገ ዝናብ ነው»፣ ሁሉም በጣሊያንኛ ሆነ። እኔ በአማርኛ ስጠይቀው በጣሊያንኛ ይመልስልኛል። አንድ ቀን ልብስ እያሰጣሁ ጆሮዬን ጣል ሳደርግ፣ ወይኑንም ማናገር ትቷል። የሚሰማው የመቀሱ ድምፅ ብቻ ነው። ቤታችን ውስጥ አማርኛ የሚናገር ሰው እኔ ብቻ መሆኔን ያኔ አወቅኩ።

በዚህ መሀል የእኔ ታናሽ ወንድም ዘመተ። የእናታችን የመጨረሻ ልጅ ነው፤ እኔ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት። ጋራዥ ይሠራ ነበር። ከመሄዱ በፊት ደውሎ፣ «እትዬ፣ አትስጊ፤ ሾፌር ነኝ እንጂ ተዋጊ አይደለሁም» አለኝ። ለባለቤቴ ነገርኩት።  ሰሃኑን አንስቶ አጠበና ወጣ። የእሱም የአክስት ልጅ በዚያኛው ወገን ምሽግ ውስጥ ነበር። ሁለታችንም ሬድዮኑን እንፈልገዋለን፤ አንዳችን ባለንበት ግን ሌላችን አንከፍተውም።

ጦርነቱ ቆመ ሲባል ሲኞራን አቅፌ ዘለልኩ። አሁን ያልፋል አልኩ። ወንድሜ ግን አልደወለም። አባቴ ስደውልላቸው «ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው» ይሉኝ ነበር። የወይኑ መልቀሚያ ደረሰ።

የዚያን ሳምንት ነገር አሁንም ሳስበው ይቆረጥመኛል። ባለቤቴ ድንገት ተለወጠ። ከባዱን ባልዲ ከእጄ ይቀማኛል። «አረፍ በይ» ይለኛል። ለረጅም ጊዜ ያልሰማሁትን አማርኛ! አንድ ከሰዓት በለስ ልጦ፣ ከፍሎ፣ እንደ ልጅ አጎረሰኝ። ማታ ስተኛ ብርድ ልብሱን ትከሻዬ ላይ ጎተት ያደርግልኛል። ባሌ ተመለሰልኝ ብዬ አመንኩ። በትዳራችን የመጨረሻው ደስ ያለኝ ሳምንት ያ ነበር። ደስታዬ በዝቶ፣ የማውቃቸውን መነኩሲት ደውዬ እሑድ መጥተው ወይን እንዲለቅሙ ጋበዝኳቸው። «እንመጣለን፣ ልጄ» አሉኝ።

እሑድ ጠዋት ረድፉ ውስጥ ጎንበስ ብዬ እየለቀምኩ የአጥሩ በር ሲከፈት ሰማሁ። ቀና ስል መነኩሲቷ፣ ካህኑ፣ ከኋላቸውም ብዙ ሴቶች ናቸው። ይህን ያህል ሰው መምጣቱ አስደሰተኝ። በወይን ውሃ የተጣበቀ እጄን ሽርጤ ላይ እየጠረግኩ ሮጬ ወጣሁ። «ኑ፣ ኑ፣ በደህና ቀን መጣችሁ! ባልዲ አለ፣ ለሁላችሁም ይበቃል!» አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

መነኩሲቷ ሁለት እጄን ያዙ። «ልጄ» ብለው የወንድሜን ስም ጠሩ። ሌላ መጨመር አላስፈለጋቸውም።

እየጮህኩ ዞሬ ባለቤቴን ፈለግኩት። ያውቅ ነበር። እንደ ደንቡ መጀመሪያ ለእሱ ነግረውታል፤ ሳምንቱን ሙሉ መርዶዬን በሆዱ ይዞ ነው በለስ ያጎረሰኝ። አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ወደ እኔ ይመጣል ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እሱ ባልዲውን አነሳና በረድፉ መሀል ወደ ታች ሄደ፤ እስከ መጨረሻው ረድፍ።

እኔ በለሱ ሥር በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ ከሴቶቹ ጋር ሳለቅስ፣ እሱ ቀኑን ሙሉ ወይን ለቀመ። የመቀሱ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ካህኑ ሄደው ሊያመጡት ሞከሩ፤ ብቻቸውን ተመለሱ። ሲኞራ ጥቁር ልብሳቸውን አውጥተው ለብሰው፣ ወንበራቸው ላይ አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ይዘው ዋሉ። የምንለውን አንድም ቃል ሳይሰሙ አብረውን አለቀሱ።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ጠበቅኩት። አንድ ቀን፣ ሌላ ቀን። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እንዲለኝ ነበር። ለማያውቁት ሰው እንኳ በመንገድ የሚባል ነገር ነው። በመጨረሻ ራሴ ጠየቅኩት። ወይኑን እየጨመቀ ነበር።

«አንድ ቃል እንኳ አትለኝም?»

እጁን ጭማቂው ውስጥ እንዳደረገ ቆመ። በአማርኛ ነው የመለሰልኝ።

«ወንድምሽን እወደው ነበር። በስልክ እንኳ ቢሆን እወደው ነበር። ግን አፌን ስከፍት እናቴ በቤት ጫማ አውቶቡስ ላይ ስትወጣ ነው የሚታየኝ።»

«እኔ ነኝ እንዴ ያባረርኳቸው?»

«አይደለሽም።»

«ወንድሜ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ?»

«አላውቅም» አለ። «አልችልም። ስለምጠላሽ አይደለም። አልችልም።»

አልተጣላንም። ብንጣላ ይሻል ነበር። አዲሱን ወይን ወደ ዳሚጃኑ ገልብጦ፣ የክረምቱን እንጨት ፈልጦ ከደረደረልኝ በኋላ፣ ብርዱ ሲገባ ሚላኖ ያለችው አክስቱ ዘንድ ሄደ። ለጥቂት ጊዜ ነው አለኝ። ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ሸሚዞቹን ያጣጠፍኩለት እኔ ነኝ።

የመከርከሚያው ወቅት ደረሰ፣ እሱ የለም። ሲኞራ «መቀሱን አምጪ» አሉኝ። በብርድ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እኔንም ያስተምሩኝ ጀመር። እያለቀስኩ ስለምቆርጥ መተው ያለብኝን ቆረጥኩ፣ መቁረጥ ያለብኝን ተውኩ። በዚያ ዓመት ያገኘነው ወይን ከባልዲ አልዘለለም። በሚቀጥለው ዓመት ተሻለኝ። እጄ ለመደው፤ ሆዴ ግን አልለመደም። የተልባ ፍሬ የምታክል ነገር ሁሉ እሱን ታስታውሰኛለች፤ ሽቦው ላይ ያሰራት ቋጠሮ፣ ድኙን የሚያስቀምጥበት ቆርቆሮ።

አማቴ ከአስመራ መደወል አላቋረጡም። ስልክ ሲያገኙ፣ በወራት አንዴ። ስለ ልጃቸው አንስተው አይወቅሱኝም፣ እሱንም አይወቅሱም። መጀመሪያ የደወሉ ዕለት እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ወንድምሽን ሰምቻለሁ። እግዚአብሔር ያጽናሽ። እዚህ ድምፄን አውጥቼ ላለቅስለት አልቻልኩም፤ በሆዴ ነው ያለቀስኩለት።» ከቤታቸው የተባረሩት ሴት ናቸው ይህን ያሉኝ።  

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እንደገና በመከርከሚያው ወቅት፣ ቀና ስል ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሟል። ፀጉሩ ሸብቷል። ልቤ ወዴት እንደበረረ እኔ አውቃለሁ። መቀሱን እንደያዝኩ ወደ እሱ ሄድኩ።

«እማዬ ሞተች» አለኝ።

በአማርኛ ነው ያለኝ። እዚያው የወይን ሳጥኖቹ ላይ ተቀመጥን። «ሚላኖ ሁሉም መጥተው ለቅሶ ደርሰውኛል» አለ። «ግን ማንም አያውቃትም። ቀልዷን የሚያውቅ የለም። እንዴት እንደምትጠራኝ የሚያውቅ የለም። ካንቺ በቀር ማን ጋ ልሂድ?» ከዚያ አለቀሰ። ያን ጊዜ ስልኩን ይዞ ያላለቀሰውን ሁሉ ይመስለኛል ያለቀሰው። ትከሻውን ይዤ «እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ነፍሳቸውን ይማር» አልኩት። ይህን ማለት ለእኔ አልከበደኝም። እኔም እናቴ የሞቱብኝ ያህል ነበር።

እንባው ሲበርድለት ሌላኛውን መቀስ ከመስቀያው አወረደ። አንድ ረድፍ አብረን ከረከምን፤ እሱ በአንዱ በኩል፣ እኔ በሌላው። ሲኞራ በመስኮት አይተውን በእጃቸው «ተመለሰ?» ብለው ጠየቁኝ። 

«ታድራለህ?» አልኩት።

መቀሱን አጥፎ ቁልፉን ቆለፈ። «ባቡር አለኝ» አለ። መቀሱን መስቀያው ላይ መለሰና፣ «ሴት አለች። ነፍሰ ጡር ናት» አለኝ። ከእኔ መሸሸግ ያልፈለገ ይመስለኛል።

«እግዚአብሔር በሰላም ይገላግላት» አልኩት። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም።

እስከ አውቶቡሱ ማቆሚያ ሸኘሁት። ቆመን ስንጠብቅ «ያኔ… ወንድምሽ…» ብሎ ጀመረ።  አውቶቡሱ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሾፌሩ ቸኩሏል። ወጣ። በመስታወቱ እጁን አነሳልኝ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ሲኞራ በዚያ ዓመት መጨረሻ፣ እንቅልፍ ላይ እንዳሉ አረፉ። ቤቱን የወረሱት የወንድማቸው ልጅ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ወይን አይፈልጉም። «መኖሪያ ቤት ይሠራበታል» አሉኝ፤ እየተሳቀቁ። ሻንጣዬን ይዤ ወደ ቶር ፒኛታራ ተመለስኩ። ወይኑን የሚነቅለው ማሽን ሲገባ አላየሁም፤ ያየች ጎረቤት ግን ሥሩ ጠልቆ ስለነበር ቀኑን ሙሉ እንደፈጀባቸው ነግራኛለች።

አሁን የምጠብቃቸው አሮጊት አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። በቀደም ጠጉራቸውን እያበጠርኩ፣ አግብቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው።

«ሞተ?»

«አልሞተም።»

«ሌላ ሴት ያዘ?»

«እሱ በኋላ ነው።»

«ታዲያ ምን ሆናችሁ?»

በጣሊያንኛ እንዴት ብዬ እንደማስረዳቸው ቸገረኝ። በአማርኛም ቢሆን አላውቅበትም። «ጦርነት ነበር» አልኳቸው። እሳቸውም ልጅ ሳሉ ጦርነት አይተዋል። «አህ» አሉና እጄን ከትከሻቸው ላይ ፈልገው ያዙት።